ዳንቴል የለበሰው ዴክ

ኻሚስ የዋዛ መሪ ልጅ ሆኖ ተወለደና ለዜማ የሚሆን ጆሮ ሳይሰጠው ቀረ። ሌላ ቤት ቢወለድ ኖሮ ነገሩን ልብ የሚለውም ሰው አይገኝም ነበር። ሆሞሻ አጠገብ ባለችው በእነሱ መንደር ግን፣ ያውም በአባቱ ቤት፣ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ዋዛ ቅል በቅል ላይ እየተገጣጠመ የሚሠራ ረጅም ጥሩንባ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን አይነፋውም። አስራ ሁለት ሰዎች አስራ ሁለት ጥሩንባ ይዘው ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ ጥሩንባ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ነፊው ተራው ሲደርስ "ቡ" ብሎ ዝም ይላል፣ ቀጣዩ ይቀበለዋል፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ዘፈኑ ይወጣል። አንዱ ተራውን ከሳተ የአስራ አንዱ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ኻሚስ ደግሞ ተራውን ያልሳተበት ቀን አልነበረም።

አባቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ታገሱት። በአራተኛው ዓመት ጥሩንባውን ከእጁ ተቀብለው ቅሎቹን ከመንደር መንደር እንዲሸከም አደረጉት። "አንድም ቅል ሰብሮ አያውቅም" ይሉ ነበር ለሰው፣ ሌላ የሚያመሰግኑበት ነገር ቢያጡ። ኻሚስ ይህን ሲሰማ ይስቃል። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ኢቲዳልን ሲያገባ አባቱ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። ለልጃቸው ሰርግ አዲስ ዘፈን አወጡ። ለመንደሩ ሹም ልጅ አላወጡም፣ ለገዛ ወንድማቸው ልጅ አላወጡም፤ ጥሩንባ መያዝ ላልቻለው ልጃቸው አወጡ። አስራ ሁለቱ ነፊዎች አንድ ወር ሙሉ ተለማመዱት። በሦስቱ የሰርግ ቀናት ተነፋ፣ ሰው ሁሉ ተደነቀ፣ ኻሚስም እንደ ሙሽራ ወጉ ቁጭ ብሎ ሰማው። በአራተኛው ቀን ዜማውን ሊያንጎራጉር ቢሞክር ጠፋው። ዘፈኑ ለእሱ የተሰጠ ነበር፤ እሱ ደግሞ የሚይዝበት ቦታ አልነበረውም።

ደግነቱ የአጎቱ ልጅ ሀይደር ለሰርጉ ከጅዳ መጥቶ ነበር። በትከሻው ላይ እንደ ሕፃን የሚያቅፋት ቪዲዮ ካሜራ ይዞ፣ ባትሪዋን ከአንድ የጭነት መኪና እየሞላ፣ ሦስቱንም ቀን ቀረጸ። ሀይደር ለጋስ ሰው ነበር ይባላል፤ አይካድም። ነገር ግን ያን ሁሉ አገር አቋርጦ፣ ያን የሚያህል ካሜራ ተሸክሞ የመጣ ሰው ሁለተኛ ካሴት መግዛት ከበደው። አንዷን ካሴት ለሦስት ቀን ለማብቃቃት ካሜራዋን በዝግታ እንድትቀዳ አደረጋት። ሲጨርስም ካሴቷን ለሙሽራው በስጦታ ሰጥቶ ወደ ጅዳ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። በቤቱ መብራት የሌለው፣ ቴሌቪዥን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሙሽራ ካሴቷን በሁለት እጁ ተቀበለ። ኢቲዳል በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥኗ ሥር ከተተቻት።

አባቱ በሞቱ ጊዜ ኻሚስ ሳጥኑን ከፍቶ ካሴቷን አየና መልሶ ዘጋ። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ክልል የሚባል ነገር መጣ፣ አሶሳም የክልል ከተማ ሆነች። ቢሮ ከሰው ቀድሞ የተከፈተበት ጊዜ ነበር። ወንበር የሌለው ኃላፊ፣ ኃላፊ የሌለው ወንበር፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ የሚጽፍ ግን የጽሕፈት መኪና የሌለው ጽሕፈት ቤት እንደ ልብ ነበር። ዘበኛ የሌለው ቢሮ ግን አልነበረም። ኻሚስ በአንዱ ቢሮ በጥበቃ ተቀጠረ፣ ኢቲዳልንና ልጆቹን ይዞ አሶሳ ገባ። ካሴቷም አብራ ገባች።

አሶሳ ውስጥ በዚያ ዘመን ስመ ጥር የነበረው ቪዲዮ ቤት የጎሹ ነበር። ጎሹ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ሰው ነው። እርሻውን ለወንድሙ ትቶ ከተማ ገባ፣ ቆርቆሮ ቤት ተከራየ፣ ቴሌቪዥንና ዴክ ገዛ፣ አግዳሚ ደረደረ። ኻሚስ የመጀመሪያ ደመወዙን በተቀበለ ሳምንት ካሴቷን በብብቱ ይዞ ሄደ።

"ጋሽ ጎሹ፣ ይኼ የኔ ሰርግ ነው። አባት አለ ውስጥ" አለው።

"ይታያላ! አያ ኻሚስ የሰርግ ልጅ ነው ለካ!" አለ ጎሹ። ተመልካቹ ፊልም እየጠበቀ ቤቱን ሞልቶታል። ጎሹ "ለመክሰስ ያህል" ብሎ ካሴቷን ከተተ።

ምስሉ መጣ። ሰዎች መጡ። ግን ሰዎቹ ይሮጣሉ። ሙሽራው ተነስቶ ይቀመጣል፣ ተነስቶ ይቀመጣል። ሴቶቹ ጭልፊት እንዳየች ጫጩት ውር ውር ይላሉ። ዋዛው በወጥመድ እንደተያዘች አይጥ ይጮኻል። ከሁሉም ፊት ደግሞ የኻሚስ አባት፣ በቁመታቸውና በእርጋታቸው አገር የሚያውቃቸው ሰው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ዱላቸውን እየነቀነቁ ሽው፣ ሽው ይላሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አግዳሚ ላይ የነበረ ሰው ሆዱን ይዞ መሬት ወረደ።

ኻሚስ ብድግ አለና ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ። "የኔ አባት እንደዚህ አይሮጥም!" አለ። "ወላሂ አይሮጥም! ዝጋ!"

ጎሹ ዘጋ። የሳቁት ሰዎች አፍረው ይሁን ፊልማቸውን ፈልገው ዝም አሉ። ኻሚስ ያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲሄድ አልቅሷል። አባቱን ሁለተኛ የቀበረ ያህል ነበር የተሰማው፤ ያውም በሳቅ አጅቦ።

ጎሹ ግን ክፉ ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ራሱ ፈልጎት መጣ። "ካሴትህ ጤነኛ ናት፣ ዴኬም ጤነኛ ነው፤ አልተዋወቁም እንጂ" አለው። ነገሩን አስረዳው። በዝግታ የተቀዳ ካሴት በዝግታ ማጫወት የሚችል ዴክ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ዴክ ፊቱ ላይ ‹ኤል ፒ› የሚሉ ሁለት የፈረንጅ ፊደሎች ይኖሩታል። ጎሹ ፊደሎቹን በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፎ ሰጠው። ኻሚስ የፈረንጅ ፊደል አያውቅም፤ እነዚያን ሁለቱን ግን እንደ ልጆቹ ፊት አወቃቸው።

ታዲያ ዘፈኑን ለማግኘት ካሴት ምን አስፈለገ፣ ነፊዎቹ የሉም ወይ፣ የሚል ሰው ይኖራል። ነበሩ። ከአስራ ሁለቱ አንዳንዶቹ ሞተዋል፣ አንዳንዶቹ ድንበር ተሻግረው ቀርተዋል፤ መንደር ውስጥ የቀሩት አራት ሽማግሌዎች ናቸው። አራቱም የየራሳቸውን "ቡ" አንዲት ሳትዛነፍ ያስታውሳሉ። ችግሩ ማን ከማን ቀጥሎ ነው የነፋው የሚለው ላይ ነው። ታላቃቸው ሼክ አጣሂር "የከፈትኩት እኔ ነኝ" ይላሉ። ሁለተኛው "ወላሂ እኔ ነኝ" ይላል። ሦስተኛው ሁለቱም እሱን ተከትለው እንደነፉ ይምላል። አራተኛው ዘፈኑ ከመሃል ነው የሚጀምረው ባይ ነው። ኻሚስ ለዒድ መንደር በሄደ ቁጥር ይህ ክርክር ይነሳል፤ በሄደ ቁጥርም አራት ዘፈን ሰምቶ ይመለሳል። አራቱም ለእሱ አንድ ናቸው።

ስለዚህ ዴክ መፈለግ የኻሚስ ሁለተኛ ሥራ ሆነ። ከሱዳን የመጣ ነጋዴ ሲያይ ወረቀቷን ያወጣል። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ መምህር ሻንጣ ሲያወርድ ወረቀቷን ያወጣል። ለቅሶ ቤት ሄዶ ጥግ ላይ ዴክ ካየ፣ ሐዘንተኛውን ካጽናና በኋላ ጎንበስ ብሎ የዴኩን ፊት ያያል። ኢቲዳል ትቀልድበታለች። "ሌላው ወንድ ሁለተኛ ሚስት ሲፈልግ ያረጃል፤ የኔው ዴክ ሲፈልግ" ትላለች ለጎረቤት።

አንድ ቀን የቢሮው ንብረት ክፍል ሲጸዳ፣ ካርቶን ውስጥ እንዳለ የተቀመጠ አዲስ ዴክ ተገኘ። ለሥልጠና ተብሎ የተገዛ ነው፤ ሥልጠናው ግን አልተካሄደም። ኻሚስ አራት ዓመት ሙሉ፣ ሌሊትና ቀን፣ ዝናብና ፀሐይ ሳይበግረው ሲጠብቀው የኖረው ንብረት ዴክ ኖሯል! ካርቶኑን እንዳየ እንዲከፈትለት ጠየቀ። መክፈት አይቻልም ተባለ። ማመልከቻ አስጻፈ። ማመልከቻው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሦስት ወር ዞረ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ለሁለት ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ቀርቶ በሦስተኛው ተሰበሰበና ካርቶኑን ከፈተ። ኻሚስ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ዴኩን ዙሪያውን አየው። ከፊት አየ፣ ከኋላ አየ፣ ገልብጦ ሆዱን አየ። ሁለቱ ፊደሎች የሉም። ኮሚቴው "ንብረቱ በመልካም ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ በዓይን ተረጋግጧል" የሚል ቃለ ጉባኤ ፈረመና ካርቶኑን መልሶ አሸገ። ኻሚስም መጠበቁን ቀጠለ።

ከዚያ ሲዲ መጣ። ቪዲዮ ቤቶች ዴካቸውን ጣሉ፤ ጎሹ እንኳ ያንን ዴኩን ሸጦ ሲዲ ማጫወቻ አስገባ። ይባስ ብሎ በ1995 የኻሚስ የመጀመሪያ ሴት ልጅ ታጨች። ሰርጓ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ጥር ላይ እንዲሆን ተቆረጠ። ኻሚስ ለልጁ የሚሰጠው ብዙ ነገር የለውም። ያቺ ዘፈን ግን አለችው፤ አለችው ማለት ካሴት ውስጥ ተቆልፋ አለችው። አባቱ ለእሱ ያወጡት ዘፈን በልጁ ሰርግ ካልተነፋ ከእንግዲህ በማንም ሰርግ እንደማይነፋ፣ አራቱ ሽማግሌዎች ሲያልፉ ለዘላለም እንደሚጠፋ ያውቃል። እሱን ነገር ሲያስበው እንቅልፍ ይነሳዋል።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ገቢሳ የሚባል የባምባሲ ነጋዴ ጫማ ሲሸጥ አገኘው። ልማድ ሆኖበት ወረቀቷን አወጣ። ወረቀቷ ከመታጠፍ ብዛት አራት ቦታ ተቀዳዳለች።

ገቢሳ አየና "ኦቦ ኻሚስ፣ ይቺን ፊደል አውቃታለሁ!" አለ። "ዱጋ፣ እውነቴን ነው! ዴኳን በእጄ ይዤ ነው የሸጥኳት። ከሱዳን ያመጣኋት። መንጌ ያሉት ወይዘሮ ዘመናይ ናቸው የገዙኝ፣ ወርቅ ገዢዋ።"

"መንጌ?" አለ ኻሚስ። "መንጌ መብራት የለም።"

"እኔ ዴክ ነው የሸጥኩላቸው፣ መብራት አልሸጥኩም" አለ ገቢሳ።

ኻሚስ በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቆ መንጌ ወረደ። ወይዘሮ ዘመናይ ከጎጃም የመጡ ሴት ናቸው። ወርቅ አጣቢዎች ከወንዝ የሚያመጡትን ብናኝ በሚዛን እየመዘኑ ይገዛሉ፤ በቤታቸውም በንግግራቸውም የሚደፍራቸው የለም። ኻሚስ ገብቶ ቁጭ እንዳለ ዴኩን አየው። ግድግዳው ላይ በተሠራ መደርደሪያ፣ ነጭ ዳንቴል ለብሶ፣ በላዩ የላስቲክ አበባ ተቀምጦበት፣ በግራና በቀኝ የተገለበጡ ብርጭቆዎች አጅበውት እንደ ሙሽራ ቁጭ ብሏል። ዳንቴሉ ከፊት በኩል ገለጥ ያለ ነውና ሁለቱ ፊደሎች ይታያሉ። ኻሚስ ዓይኑን ማመን አቃተው። ስምንት ዓመት የፈለጋቸው ፊደሎች እንደ ቀልድ ፊቱ ተደቅነዋል።

"ይኼ ዴክ ይሠራል?" አለ።

"እንዴት አይሠራም!" አሉ ወይዘሮ ዘመናይ። "ሦስት ዓመት ከኔ ጋር ሲኖር አንድም ቀን ተበላሽቶብኝ አያውቅም።"

"ተከፍቶ ያውቃል?"

"በምን መብራት ይከፈታል?"

ኻሚስ ታሪኩን ነገራቸው። ሰሙት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አዘኑለትም፤ ዴኩን ግን አይሸጡም፣ አያውሱም። ሁለተኛ ጊዜ ማንጎ ተሸክሞ ሄደ። ማንጎውን ተቀበሉ፣ ዴኩን አልሰጡም። "የቤቴ ግርማ ነው። እሱ ከመደርደሪያው ሲነሳ ሰው ከስራለች ነው የሚለኝ" አሉት። ኢቲዳል ይህን ስትሰማ "ሴትየዋ ልክ ናት። አንተስ ያንተን ካሴት ለማን አውሰህ ታውቃለህ?" አለችው።

ሦስተኛ ጊዜ ሲሄድ ኻሚስ አስቦበት ነበር። "ወይዘሮ" አላቸው፣ በዚያ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛው፣ "ዴክ አትስጠኝ። አንተም ከዴክ ጋር ና። በዓይንህ እያየህ፣ በእጅህ ይዘህ። ደግሞ በጥር ሰርግ ከሙሽራ እናት ጎን ትቀመጣለህ።"

ወይዘሮ ዘመናይ ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ ዳንቴሉን አነሱና አራገፉት። "እንግዲያው ግንባር ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ዴኩ ጭነት ላይ አይወጣም" አሉ።

ይህ ሲሆን ሰኔ ተጋምሷል። ወይዘሮ ዘመናይ በጭነት መኪና ግንባር ዴኩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ሾፌሩን እየረገሙ፣ ጭቃውን ተሻግረው ግማሽ ቀን ተጉዘው አሶሳ ገቡ። ኻሚስም አራቱን ሽማግሌዎች ከመንደር አስመጣ። ጎሹ ለአንድ ከሰዓት ቪዲዮ ቤቱን ዘጋላቸው። ከፊት አግዳሚ ላይ አራቱ ሽማግሌዎች ጥምጣማቸውን አሳምረው ተቀመጡ። ዴኩ ዳንቴሉን እንደለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተሰየመ፤ ወይዘሮ ዘመናይ አጠገቡ ወንበር አስይዘው ተቀመጡ። ጎሹ ገመዱን አገናኘ። የዴኩ መብራት በራ። ወይዘሮ ዘመናይ "እይ፣ ዓይኑን ከፈተ!" አሉ፤ ለሦስት ዓመት አብረውት ሲኖሩ ዓይን እንዳለው አያውቁም ነበር።

ጎሹ ካሴቷን ሊከት ሲል ሼክ አጣሂር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ኻሚስ፣ ዛሬ ወሩ ምንድን ነው?" አሉ።

"ሰኔ ነው፣ ሼክ።"

"ዘር ተዘርቷል ወይስ አልተዘራም?"

ኻሚስ ስምንት ዓመት ሙሉ የፈለገውን አገኘሁ ብሎ ሲጣደፍ፣ በመንደሩ ሕፃን የሚያውቀውን ነገር ረስቶታል። ዘር መሬት ከገባ በኋላ እህል እስኪሰበሰብ ዋዛ አይነፋም። ጥሩንባዎቹ ተሰቅለው ይቀመጣሉ። እህል በሚበቅልበት ጊዜ ዋዛ ከተሰማ አዝመራው ይከፋል፤ የሚደፈር ነገር አይደለም።

"ሼክ፣ ይኼ ዋዛ አይደለም እኮ፤ ካሴት ነው" አለ ኻሚስ በቋንቋቸው።

"ካሴቱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

"ዋዛ።"

"እንግዲያ።"

ነገሩ ለጎሹና ለወይዘሮ ዘመናይ ተተረጎመላቸው። ጎሹ ሳቁን ዋጥ አድርጎ እንደ ጠበቃ ተነሳ። "ሼኪ፣ ይኼ የተነፋው በ1977 ነው፤ ያውም ከአዝመራ በኋላ፣ በደንቡ። አሁን ማንም አይነፋም። የድሮውን ነው የምናየው" አለ።

ሼክ አጣሂር በእርጋታ ሰሙት። "ልክ ነህ" አሉ። "ዋዛው 1977 ላይ ነው። ጆሮ ግን፣ የኔ ጆሮ፣ ያለው አሁን ሰኔ ላይ ነው።"

ወይዘሮ ዘመናይ "ያን ሁሉ ጭቃ የመጣሁት ለዚህ ነው?" ብለው ጭናቸውን መቱ። ኻሚስ ሼኩን አልጠላቸውም፤ አባቱም ቢኖሩ ይህንኑ እንደሚሉ ያውቃል። ራሱን ግን ጠላ። ያኔ ጎሹ የቴሌቪዥኑን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገና "ድምፁን ብንዘጋውስ? ማየትም ክልክል ነው?" አለ።

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። ዋዛን ስለማየት የሚናገር ደንብ ለማንም ትዝ አላለውም፤ እስከዚያ ቀን ሳይሰሙ ማየት የሚባል ነገር አልነበረምና። "ማየት አልተከለከለም" አሉ ሼክ አጣሂር። "ድምፁን አዝመራ ሲገባ እንሰማዋለን።" ይህም ተገቢ ነበር። ሰርጉ ጥር ነው፣ አዝመራው ኅዳር ላይ ያልቃል፤ ወይዘሮ ዘመናይም በኅዳር አንዴ እንደሚመለሱ ተጨቅጭቀው ተስማሙ።

ጎሹ ድምፁን ዘግቶ ካሴቷን ከተተ። ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ተዘረጋ፣ ጸና።

የኻሚስ አባት መጡ። በእግራቸው መጡ። አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ ደግሞ አንድ እርምጃ፤ ዱላቸውን ከፍ አድርገው፣ በዚያ ሰውን በማያቻኩለው አካሄዳቸው። ኻሚስ ከጀርባ ቆሞ ነበርና እንባው እስኪበቃው ወረደ፤ ማንም አላየውም። አባቱ አይሮጡም። ወላሂ አይሮጡም።

ከኋላቸው አስራ ሁለቱ መጡ። ያኔ አራቱ ሽማግሌዎች ከአግዳሚው ተነሡ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ አራት ጠንካራ ጎልማሶች ጉንጫቸውን ይነፋሉ። ድምፅ የለም፤ ጉንጭ ብቻ ነው ያለው። አንዱ ጉንጭ ያብጥና ይሟሽሻል፣ ቀጥሎ ሌላው ያብጣል። ሽማግሌዎቹ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። "እይ፣ የኔ ጉንጭ! እኔ ነኝ የከፈትኩት!" አለ ሦስተኛው፤ ሼክ አጣሂር ቀረብ ብለው አዩና "አንተ ነህ" አሉ። ለአስራ ስምንት ዓመት የተካረረው ክርክር በጉንጭ ተፈታ። ማን ከማን ቀጥሎ፣ ማን ሁለቴ፣ ማን ዘግይቶ፣ ሁሉንም አዩት። ወይዘሮ ዘመናይ ሳይቀሩ "የዚያኛው ጉንጭ ለብቻው ነው" እያሉ ይፈርዱ ነበር።

ሰልፉ ሁለተኛ ዙር ሊጀምር ሲል ምስሉ ወደ አንድ ጎን ተጎተተ። ከዴኩ ሆድ አጥንት የሚቆረጠም የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ጎሹ ዘሎ ገመዱን ነቀለ። ክዳኑን ሲከፍቱት የካሴቷ ክር እንደ ዶሮ አንጀት ተዘርግፎ ከየጥርሱ ጋር ተጠላልፏል። ጎሹ በጥፍሩ፣ በመርፌ፣ በወስፌ ሞከረ፤ የወጣው ቁርጥራጭ ነው። ሦስት ዓመት እርጥበት ብቻ ሲበላ የኖረ ዴክ የመጀመሪያ ምግቡን አላስተረፈም።

"ዴኬ እንዲህ ዓይነት ጠባይ አልነበረውም" አሉ ወይዘሮ ዘመናይ፣ እያፈሩ። ዳንቴሉን አንስተው እንባቸውን ጠረጉበት። ኻሚስ ቁርጥራጩን በመዳፉ ይዞ ቆመ። ስምንት ዓመት የፈለገውን ዴክ ማግኘቱ እውነት ነው፤ ዘፈኑን ግን ማንም አልሰማውም፣ ከእንግዲህም አይሰማውም። ሼክ አጣሂር መጥተው ትከሻውን ያዙት። ይቅርታ አልጠየቁም፤ ደንቡ ደንብ ነው። እጃቸውን ግን ከትከሻው ላይ ቶሎ አላነሡም።

ኅዳር ላይ እህሉ ገባ። አዝመራው ያማረ ነበር፤ ሼክ አጣሂር ይህን በየደረሱበት ከመናገር አልቦዘኑም። አዲስ ቅል ተገጣጠመ፣ ስምንት ጎረምሶች ተመረጡ፣ አራቱ ሽማግሌዎች በጉንጭ ያጠኑትን በጉንጭ አስተማሩ። በየተራው መሃል ምን ያህል መቆየት እንደሚገባ አንዳቸውም እርግጠኛ አልነበሩም፤ የሌሉት ስምንቱ የነፉት ድምፅም ወፍራም ይሁን ቀጭን በግምት ነበር። ጥር ላይ በሰርጉ ቀን ዋዛው ወጣ። ሰው ጨፈረ፣ ሴቶች እልል አሉ፣ ወይዘሮ ዘመናይ ከሙሽራዋ እናት ጎን ተቀምጠው ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ።

ኻሚስ ግን አላረፈም። ቢሰማው ያማረ መሰለው፤ የእሱ ጆሮ ደግሞ አይታመንም። ሼክ አጣሂርን "እሱ ነው?" ብሎ ጠየቀ። "ይመስለኛል" አሉ። ሌላውን ጠየቀ። "ትንሽ ፈጠነ መሰለኝ" አለው። ሦስተኛው "ዘገየ" አለ። አባቱ ያወጡት ዘፈን ይሁን ስምንት ጎረምሶችና አራት ሽማግሌዎች የፈጠሩት ሌላ ዘፈን ይሁን የሚነግረው አጣ። ያኔ ኢቲዳል ለነፊዎቹ ውሃ ይዛ ስታልፍ አያት። ያን ቀን ከእሱ ጎን የነበረችው እሷ ናት። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ እሷን አለመጠየቁ ለራሱም ገረመው፤ የዋዛ ነገር የወንድ ጉዳይ ነው ብሎ ኖሯል።

"ኢቲዳል፣ እሱ ነው?" አላት።

"ምኑ?"

"ዘፈኑ። በኛ ሰርግ የተነፋው።"

ማሰሮዋን አወረደች። "እኔ በምን አውቄ?" አለች። "ከእናቴ ቤት አውጥተው ወደማላውቀው ሰው ቤት ሲወስዱኝ ሦስቱንም ቀን ሳለቅስ ነበር። ዋዛ መነፋቱን እንኳ ካንተ ነው የሰማሁት።"

"ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅከኝ?"

ዋዛው እንደገና ጀመረ። ኢቲዳል ማሰሮዋን ሳታነሳ ቆማ ሰማች፤ ከመጀመሪያው "ቡ" እስከ መጨረሻው፣ ልጇ በዚያ ድምፅ ውስጥ ታጅባ ስትሄድ እያየች። ሲያልቅ ወደ ባልዋ ዞረች።

"እኔ በሰርጌ የሰማሁት ሌላ ዘፈን የለም" አለች። "አባትህ ያወጡልን ይኼ ነው።"